ሚስማር ላይ የከረመው መስገጃ

እናቴን በጥርሴ አሳብቤ ዋሸኋት። ሻርጃ፣ አንድ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ተቀምጬ ተራዬን ስጠብቅ ኮምቦልቻ ደወልኩና «እማ፣ ጥርሴን ላሳይ መጥቻለሁ፤ እባክሽ ዱዓ አድርጊልኝ» አልኳት። ጥርሴ እንኳ ደህና ነው፣ አልሃምዱሊላህ፤ ዛሬም የባቄላ ቆሎ ይሰብራል። ሐኪም ቤት ያደረሰኝ ሌላ ቦታ ነበር፤ በእኛ ቤት እናትና ልጅ በስሙ የማይጠሩት ቦታ።

«እሺ ልጄ፣ አብሽሪ» አለችና ዘጋችው። እናቴ እኮ ስልክ ላይ ዱዓ ከጀመረች ማቆሚያ የላትም። እኔን ትጨርስና ወደ አሠሪዎቼ፣ ከአሠሪዎቼ ወደ ልጆቻቸው፣ ከዚያ ደግሞ በየአገሩ ወዳለ የሰው ልጅ ሁሉ ትሻገራለች፤ እኔ ስልኩን የያዝኩበት እጄ እስኪደነዝዝ «አሚን፣ አሚን» ስል እቆያለሁ። ያን ቀን ግን «እሺ» ብቻ። እኔ ደግሞ ቶሎ የምቀየም ሰው ነኝ፣ አልዋሽም። «ጥርስ ነው ብላ ናቀችው» ብዬ ቂም ያዝኩባት። እውነቱን የደበቅሁት እኔ፣ የተቀየምኩትም እኔ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ሻርጃ አንድ ቤት ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ስገባ ጡት ይጠባ የነበረው ልጅ ዛሬ በቁመት በልጦኛል። የቤቱ እመቤት ለምርመራ ስትሄድ «አንቺም ታይ፣ ኢንሹራንስ አለሽ» ብላ ይዛኝ ሄደች፤ ለዚህ ውለታዋ አላህ ጀነት ይስጣት። ከማህፀኔ በር ላይ በቀጭን ብሩሽ ነገር ጠርገው ወሰዱና ከሁለት ሳምንት በኋላ ደወሉ። ደህና ያልሆነ ነገር ታይቷል፣ በአጉሊ መነጽር ቀርበን እንየው አሉኝ። ኮልፖስኮፒ ይባላል አሉ። እንዲህ ያለ ስም ያለው ነገር መቼም ደግ ይዞ አይመጣም ብዬ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ።

ገባሁ። አንድ አልጋ አለ፣ ከጫፉ ግራና ቀኝ የእግር ማስቀመጫ ቆሟል። ሐኪሟ ሴት ናት፣ ሽማግሌ ሴት፤ በዓረብኛ «ልጄ» ትለኛለች። ልጄ ስትለኝ ይብስ አለቀስኩ። እግሬን ሰቅዬ፣ ጣራ ጣራውን እያየሁ፣ በዚህ ዕድሜዬ በሰው አገር እንዲህ ተጋድሜ እናቴ ብታየኝ ምን ትላለች እያልኩ ነበር። ሐኪሟ ብረቱን ስታስገባ ቀዘቀዘኝ። ከዚያ «ይሄ ኸል ነው፣ ትንሽ ያቃጥል ይሆናል» አለች። ኸል? ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። አቼቶ! ሰላጣ ላይ የምናደርገው አቼቶ! እንባዬ ሳይደርቅ ሳቄ መጣ። «ሐኪም፣ ሰላጣ ልታደርጊኝ ነው እንዴ?» አልኳት። ሐኪሟ ስትተረጉምላት ረዳቷ ነርስ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ሐኪሟ አጠገቤ ያለውን ስክሪን አዞረችልኝ። ማየት አልፈለግሁም ነበር፤ አየሁ። ቀይ፣ እርጥብ፣ ክብ ነገር ነው፤ ከዳር በኩል አቼቶው የነካው ቦታ ነጭ ሆኖ ወጣ። «ጤነኛው ቀይ ሆኖ ይቀራል፣ የታመመው ይነጣል» አለችኝ። ከነጣው ላይ በትንሹ ቆንጥራ ወሰደች። ቆንጠጥ ሲያደርገኝ የነርሷን እጅ ጨመቅሁት፤ እሷም አላስለቀቀችኝም። የማን ልጅ እንደሆነች አላውቅም፣ ቋንቋችንም አይገናኝም፤ ግን እስከ ዛሬ እጇ ትዝ ይለኛል።

ውጤቱ መጣ። ካንሰር አይደለም፣ ወደዚያ መንገድ የጀመረ ነገር ነው፣ በጊዜ ተገኝቷል አሉኝ። ሌላ ቀን ተመልሼ ሄጄ አነሡልኝ። በየስድስት ወሩ ትታያለሽ ተባልኩ፤ ይኸው እታያለሁ። ሐኪሟ ስታሰናብተኝ አንድ ነገር አለች፤ «እናትሽ፣ እህቶችሽ ይታዩ። ወር አበባዋ የቆመ ሴት ደግሞ ድንገት ደም ካየች አንድ ቀን ማደር የለባትም።» እኔ «እሺ» ብዬ ወጣሁ። እናቴን በልቤም አላሰብኳት። እናቴ ለእኔ ከሰላትና ከዱዓ የተሠራች እንጂ ማህፀን ያላት አትመስለኝም ነበር። ከየት የወጣሁ መስሎኝ እንደሆነ እንጃ።

ከሦስት ወር በኋላ የሁለት ወር ፈቃድ አግኝቼ ኮምቦልቻ ገባሁ። ቤቱ በእንግዳ ተሞላ፤ ጎረቤቱ እየመጣ «አፊያ ነሽ? ከሳሽ፣ ወፈርሽ» ይለኛል፤ አንዱ ከሳሽ ሲለኝ አንዱ ወፈርሽ። እናቴ ግን የእውነት ከስታለች። ስጠይቃት «ጦም ነው» አለች። የምን ጦም? ረመዳን ገና ነው።

በማግስቱ ለሱብሂ አዛን ሲል ነቃሁ። ልጅ ሆኜ የምነቃው በአዛኑ ሳይሆን እናቴ ውዱእ ስታደርግ ከመታጠቢያው ጀበና በሚንቆረቆረው ውሃ ነበር። ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅሁ። ውሃ የለም። ቀና ብዬ ሳያት ዓይኗን ገልጣ ጣራውን እያየች ተኝታለች። ግድግዳው ላይ፣ ሚስማሩ ላይ፣ እኔ ከሻርጃ የላክሁት አረንጓዴ መስገጃ ተንጠልጥሏል። ጠጋ ብዬ ነካሁት፤ እጥፋቱ ላይ አቧራ ተኝቶበታል። እናቴ መስገጃ ላይ አቧራ! ከዚህ ይልቅ ፀሐይ በምዕራብ ወጣች ቢሉኝ አምን ነበር።

ሁለት ቀን ዝም ብዬ ተከታተልኳት። የዙህር ሰላት ሲደርስ ማጀት ትገባለች። ሰው ካለ ደግሞ «ልስገድ» ብላ ወደ ውስጥ ትገባና በር ትዘጋለች፤ በቀዳዳ ሳያት አልጋው ጫፍ ላይ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች። በሦስተኛው ቀን ልብስ ሳወርድ፣ ገመዱ ላይ ከትልቁ ጋቢ ሥር ተደብቀው የተሰጡ የአሮጌ ነጠላ ቁራጮች አገኘሁ። ታጥበዋል፤ ግን አልለቀቀም። የሻርጃዋ ሐኪም ቃል ያን ጊዜ ጭንቅላቴን መታኝ።

እኔ ነገር ማለዘብ አላውቅም። ቁራጮቹን ይዤ ገባሁና «እማ፣ ደም እያየሽ ነው?» አልኳት።

«ዝም በይ!» አለች። «እንዴት ያለሽው ባለጌ ነሽ! ዓረብ አገር ያስተማሩሽ ይሄን ነው?» ቁራጮቹን ከእጄ ነጥቃ ወጣች። ያን ቀን አላናገረችኝም፤ ምሳ እንኳ ያቀረበችልኝ ዞር ብላ ነው።

በማግስቱ ምስር ስትለቅም አጠገቧ ተቀመጥኩና እኔም ሰፌዱ ውስጥ እጄን ከተትኩ። ቀና ብዬ ሳላያት «እማ፣ ያ ጥርሴ ጥርስ አልነበረም» አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት። አልጋውን፣ ብረቱን፣ አቼቶውን፣ ነጭ ሆኖ የወጣውን። እጇ ምስሩ ላይ ቆመ።

«እግርሽን ሰቅለው?»

«አዎ።»

«ሐኪሟ ሴት ናት?»

«ሴት ናት።»

«ማን አብሮሽ ነበር?»

«ማንም። ብቻዬን።»

«ወየው ልጄን!» አለች፤ «ወየው! ብቻሽን! እኔ እዚህ ተቀምጬ!» ሰፌዱን ገፍታ አቀፈችኝ፤ ምስሩ መሬት ላይ ተዘራ። ሁለታችንም አለቀስን። እናቴ ከተለቀሰ ወዲያ ነው አፏ የሚፈታው። «ከአረፋ ወዲህ ነው» አለችኝ በጆሮዬ፣ ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው ያለ ይመስል። «ትንሽ ትንሽ ነው፤ ይሄዳል፣ ይመጣል። የልጅነት ነገር በስተርጅና ተመለሰብኝ። ማንን ልጠይቅ? ሸኹ ያባትሽ ወንድም ናቸው፤ እሳቸውን በምን አፌ? ጎረቤት ብነግር መሳቂያ ልሆን ነው። ደም ላይ ያለች ሴት አትሰግድም፤ እኔም ተውኩት።» ቆይታ ደግሞ «አምስት ወር» አለች፤ «አምስት ወር ሙሉ ግንባሬ መሬት አልነካም።»

እኔ ስለ ካንሰር እፈራለሁ፤ እሷ ስለ ግንባሯ ታለቅሳለች። «እማ፣ ይሄ በሽታ ነው፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አልኳት። «አንቺ ደግሞ መቼ ሐኪም ሆንሽ?» አለችኝ። ቢሆንም እሺ አለች። ግን ኮምቦልቻ አይሆንም፤ እዚህ ጥበቃው ሳይቀር ያውቀኛል፣ ደሴ እንሂድ አለች።

ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ከመግባታችን የሰፈራችን ሴትዮ ከኋላ ወንበር ተገኙ። «ወዴት ነው እናትና ልጅ?» አሉ። እናቴ ዓይኗን በጨው አጥባ፣ «ይቺን ጥርሷን ላሳያት ነው» አለቻቸው። ሴትዮዋ የሐረጎን ዳገት ወጥተን እስክንጨርስ ለጥርሴ የሚሆን መድኃኒት ሲነግሩኝ መጡ፤ እኔም ጉንጬን ይዤ «እሺ፣ እሺ» ስል ነበር። እናቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ስትስቅ ያየኋት ከመጣሁ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

ደሴ ጉም ነበር፤ ኮምቦልቻ ትተነው የመጣነው ሙቀት የሌላ አገር መሰለ። ሆስፒታል ተራ ይዘን ቆየንና ገባን። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ አንገቷ ላይ ማተብ አለ። «እናቴ፣ አይዞዎት፣ እዚህ ጋ ይውጡ» ስትላት እናቴ አልጋው ላይ ከመውጣቷ በፊት ዘንቢሏን ከፈተች። ከጋቢው ሥር፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ሙሉ የአቼቶ ጠርሙስ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እኔ ክው አልኩ።

«ይኸው» አለች፤ «ኋላ ከውጭ ገዝታችሁ ኑ እንዳትሉን፣ ይዤ መጥቻለሁ። አልተከፈተም።»

እናቴ ጓንት ግዙ፣ መርፌ ግዙ እየተባለ በሽተኛ አልጋ ላይ ትቶ መድኃኒት ቤት ለመድኃኒት ቤት የተሮጠበትን ጊዜ የምታውቅ ሰው ናት። ስለ አቼቶው ስነግራት ሌላው ሁሉ አልፏት አቼቶዋን ብቻ ይዛ ነው ለካ። ሐኪሟ ጠርሙሱን አየች፣ እኔን አየች፣ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «እናቴ፣ ይሄ ለሰላጣዎ ይሁን። የእኛ አለን፣ ተለክቶ የተዘጋጀ ነው» አለቻት። «እንግዲያው ለምሳሽ ይሁንሽ» አለች እናቴ፤ መልሳም አልወሰደችው።

እኔ በራስጌዋ ቆምኩ። እግሯን ስትሰቅል ዓይኗን ጨፈነች፣ ቢስሚላህ አለች፣ እጄን ያዘች። ያ የማውቀው የአቼቶ ሽታ መጣ። እጇ በዚያን ቀን የነርሷን እጅ እንደጨመቅሁት አድርጎ ጨመቀኝ፤ እኔም አልለቀቅኋትም። ሐኪሟ ስታይ፣ ስታይ ቆየች። እኔ ከእናቴ ፊት ላይ ዓይኔን ባነሣ የሆነ ክፉ ነገር የምሰማ መሰለኝ። በመጨረሻ «ትንሽ ሥጋ በቅላለች፤ ደሙ ከእሷ ነው» አለች። አነሣቻት። ቀላል ነው፣ ቶሎ አለቀ። «ለምርመራ እልካታለሁ። ውጤቱ በሁለት ሳምንት።»

«ካንሰር ነው?» አልኩ።

«አይመስለኝም። ግን ሳይመረመር አልምልልሽም።»

እናቴ የተኛችበት ሆና እጇን አነሣች፤ ትምህርት ቤት ገብታ የማታውቀው እናቴ፣ እንደ ተማሪ። «ልጄ፣ እኔ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ይሄ ደም የወር ነው ወይስ የሕመም?»

«የሕመም ነው እናቴ። በእርስዎ ዕድሜ ወር አበባ ተመልሶ አይመጣም።»

«የሕመም? እርግጠኛ ነሽ? ማዪልኝ!»

«ማርያምን! የሕመም ነው።»

እናቴ ቀስ ብለሽ ተነሺ ሳትባል ብድግ አለች። «የሕመም ደም እኮ ሰላት አይከለክልም! ይሄንማ ልጅ ሆኜ ቁርአን ቤት ቀርቼዋለሁ! ያ ረቢ፣ እያወቅሁት! እያወቅሁት!» ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀች። ሐኪሟ ግራ ገብቷት ያመማት መስሏት ሮጣ መጣች። «አላመማትም» አልኳት፤ «አምስት ወር ሰላት ትታ ነበር፣ ወር አበባ መስሏት።» ሐኪሟ ጓንቷን አወለቀች። ከዚያ እናቴን ከአልጋው ደግፋ አወረደቻትና ውዱእ የምታደርግበት ቧንቧ የት እንዳለ ራሷ እስከ በር ወጥታ አሳየቻት።

ውሃው በረዶ ነው፣ የደሴ ውሃ። እናቴ ግን ክንዷን እስከ ክርኗ ስታጥብ የሞቀ ውሃ ያገኘች ትመስል ነበር። መስገጃ አልያዝንም። ነጠላዬን አውልቄ ሣሩ ላይ አነጠፍኩላት። በግቢው የሚያልፉት አስታማሚዎች ዞር እያሉ ሄዱላት። ሱጁድ ወርዳ ግንባሯን መሬት ስታስነካ እዚያው ቀረች። ቆየች፣ በጣም ቆየች፤ የሆነችው ነገር አለ ብዬ ልነሣ ስል ቀና አለች። ስትጨርስ ግንባሯ ላይ እርጥብ አፈር ተለጥፏል። ልጠርግላት እጄን ስዘረጋ መለሰችው። «ተይው፣ ይቆይ» አለችኝ። እንዳለ ይዛው ኮምቦልቻ ገባች።

ውጤቱ ደህና ሆነ። ወረቀቱን ይዤ ከደሴ ስመለስ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ «ምንም የለም!» ብዬ ከመንገድ ስጮህ ሰፈሩ ሁሉ የጥርሴ ውጤት መስሎት «እልል» አለልኝ።

ስለ ቀረው ሰላት ግን አላረፈችም። ሸኹን ጠይቂልኝ አለች፣ በሌላ ሴት ስም። ሄጄ «አንዲት ሴት ናት፣ እንዲህ እንዲህ ሆና» ብዬ ጠየቅኋቸው። አጎቴ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ። «ሳታውቅ ነው፣ ጀሊሉ መሐሪ ነው በያት። ልቧ ካላረፈላት ቀስ እያለች ከየሰላቷ ጋር ያመለጣትን ትስገድ፤ ራሷን አታድክም» አሉ። ልወጣ ስነሣ ደግሞ፣ «ያቺ ሴትዮስ፣ ተሻላት?» አሉኝ፤ ድምፃቸው ስልል ብሎ። ለእናቴ ስነግራት «አውቀዋል እንዴ!» ብላ በሻሿ ፊቷን ሸፈነች። ከዚያ ወዲያ ለሳቸው የምትልከው ማር በዛ።

መስገጃው ከሚስማሩ ወረደ። እናቴ ላለፈው ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ሽምብራ ቆጥራ ጣሳ ሞላች። የአንዱን ቀን አምስት ሰላት ስትጨርስ አንዷን ሽምብራ ወደ ሌላ ጣሳ ታሻግራለች። «እማ፣ አላህ ምሮሻል ተብሏል እኮ፣ ለምን ትደክሚያለሽ?» ብላት፣ «ለምሕረት ብዬ አይደለም፣ ናፍቆኝ ነው» አለችኝ።

ፈቃዴ አልቆ ሻርጃ ተመለስኩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዕቃ ሳጥብ ስልኩ ጮኸ፤ እናቴ ናት። ሰላምታ እንኳ አላስጨረሰችኝም።

«ዛሬ የጥርስሽ ቀን ደረሰኝ» አለች።

«የምን ጥርስ?»

«የዋሸሽኝ ነዋ! የጎረቤታችን ልጅ ኒካህ ማግስት ነበር የደወልሽው፤ እሱን ምልክት አድርጌ ስቆጥር መጣሁ። ዛሬ ሽምብራዋ ደረሰች።» እኔ እጄን ከውሃው አወጣሁ። «ያን ቀን ዱዓ አድርጊልኝ ብለሽኝ እሺ አልኩሽ። አላደረግሁም ልጄ። በዚህ ሁኔታም ዱዓ እንደማይከለከል አውቃለሁ፤ ግን ቆሽሻለሁ እያልኩ እጄ አልነሣ አለኝ። አንቺ እዚያ ብቻሽን ተሰቅለሽ፣ እኔ እዚህ እጄን አጥፌ ተቀምጬ ዋልኩ።»

ያን ቀን እንዴት እንደተቀየምኳት ትዝ አለኝና አፈርኩ። ይቅር በይኝ ልላት ጀምሬ ልቅሶው ቀደመኝ።

«አታልቅሺ፣ አብሽሪ» አለች። «ይኸው ዛሬ አደረግሁልሽ፤ ከሰገድኩበት ሳልነሣ፣ አንድም ሳላስቀር። ለዚያም አደረግሁልሽ። ብትዋሺም፣ ለጥርስሽም አደረግሁልሽ።»

«አሚን» አልኳት።